የኋላ አክስል ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ እቤት ስለመቀየር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ ስለየትኛው መኪና እንደማወራ ልናገር። እኔ ያለኝ አሮጌ ደብል ካፕ ሃይሉክስ ነው፤ ቪጎ የሚባለው ከመምጣቱ በፊት የነበረው። ከኋላ አንድ ወጥ የብረት አክስል፣ ባሌስትራና የታምቡር ፍሬን አለው። መልሶቹ በዋናነት ለዚህ ዓይነት መኪና ናቸው። ቪትዝ፣ ትልቁን ላንድክሩዘር ወይም አሜሪካ ሆናችሁ ሌላ መኪና ለምትነዱ ታች ለብቻው ጥቂት ጽፌያለሁ።

በስሞቹም እንግባባ። ኩሽኔታ ያው ቤሪንግ ነው። ፓራኦሊዮ ዘይቱን የሚያግተው ባለ ጎማ ቀለበት ነው፤ ኦይል ሲል የሚሉትም አሉ። ሴሚያስ የምለው በአክስሉ መሃል ካለው የማርሽ ቤት፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ፣ ተነስቶ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ ነው።

ከኋላ የሚያጓራ ድምፅ አለ። ኩሽኔታ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የኩሽኔታ ድምፅ ከጎማው ፍጥነት ጋር ይሄዳል። በ40 ትንሽ ያጉረመርማል፣ በ70 ያጓራል። ማርሽ ብትቀይሩ፣ ዜሮ ማርሽ አድርጋችሁ በሜዳ መንገድ ብትለቁት እንኳ አይጠፋም። ሞተሩ ስለማያገባው ነው።

ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው ጎማ ነው። ያልተስተካከለ የተበላ ጎማ ልክ እንደ ኩሽኔታ ይጮሃል። ግን አስፋልቱ ሲቀየር የጎማ ድምፅም ይቀየራል፤ ለስላሳ አዲስ አስፋልት ላይ ሲገባ ዝም ሊል ይችላል። ኩሽኔታ ግን መንገድ አይመርጥም። ጥርጣሬ ካለ የኋላውን ጎማ ወደ ፊት አምጥታችሁ ንዱት። ድምፁ አብሮ ወደ ፊት ከመጣ ኩሽኔታ ልትገዙ ከመሄድ ተረፋችሁ።

ሁለተኛው ዲፈረንሻል ነው። እሱ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ድምፁን ይቀያይራል፤ ስትሰጡ ያለቅሳል፣ ስትለቁ ዝም ይላል፣ ወይም በተቃራኒው። ሦስተኛው ታምቡር ውስጥ የላላ የፍሬን ዕቃ ነው። እሱ ያንኳኳል እንጂ አያጓራም።

የትኛው ጎን እንደሆነ ለመለየት ሰፊና ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ጠምዝዙ። ወደ ግራ ስትጠመዝዙ ክብደቱ በቀኙ ላይ ያርፋል። ያኔ ድምፁ ከባሰ ቀኙን ጠርጥሩ። እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ማንሳት ነው። የኋላውን አንስታችሁ በመደገፊያ ካስቀመጣችሁ በኋላ የእጅ ፍሬን ልቀቁ። ጎማውን በአንድ እጅ አዙሩ፣ ሌላውን እጅ ከታምቡሩ ጀርባ ባለው የፍሬን ሳህን ላይ አሳርፉ። የተበላ ኩሽኔታ ከጆሮ በፊት እጅ ላይ ይታወቃል፤ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስላል። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ደህናው እንደ ግንድ ነው። ከላላ ጊዜው አልፏል።

ከጎማው ውስጠኛ ጎን ርጥበት አየሁ። የዲፈረንሻል ዘይት ነው ወይስ የፍሬን?

አሽትቱት። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራምና ጠቆር ያለ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላልን የሚያስታውስ የድኝ ሽታ አለው። አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ልብስ ላይ ካረፈ ደግሞ ባለቤቴ ናት የማትረሳው። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ቀለሙ ነጣ ወይም ሻይ ሻይ ይላል፣ የመኪና ቀለምም ይልጣል። የፍሬን ዘይት ከሆነ ችግሩ ታምቡር ውስጥ ያለችው ትንሿ የፍሬን ሲሊንደር ናት። ያ ሌላ ሥራ ነው፤ ግን እሱም አይቆይም።

ፓራኦሊዮው አምና ተቀይሮ ነበር። ለምን እንደገና ፈሰሰ?

ጋራዥ ያለው ሰው «ፓራኦሊዮው ኮፒ ነበር» ይላችኋል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፓራኦሊዮው የሚሞተው በሌላ ጥፋት ነው። እኔም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያስቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነበር። በሦስተኛው ራሴ ስፈታው ነው ምክንያቱ የገባኝ። ወደዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው።

አክስሉ ላይኛው ክፍል ላይ አንዲት ትንሽ ቆብ አለች። መተንፈሻ ናት። መኪናው ሲሄድ አክስሉ ውስጥ ያለው ዘይትና አየር ይሞቃል። የሞቀ አየር ቦታ ይፈልጋል፤ በመተንፈሻው ይወጣል። መተንፈሻው በጭቃና በአቧራ ከተደፈነ አየሩ ሌላ በር ይፈልጋል። ያገኘው በር የፓራኦሊዮው ከንፈር ነው፤ ዘይቱንም ይዞ ይወጣል። አዲስ፣ ኦሪጅናል ፓራኦሊዮ ብታስገቡም ያው ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ለጭቃ የምትሄዱ ወይም አቧራ የበዛበት ኮረኮንች ላይ የምትውሉ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት መተንፈሻዋን ፈትታችሁ እጠቡ። በአፍ ስትነፉባት አየር ማሳለፍ አለባት።

ሁለተኛው ምክንያት የተበላ ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ሲላላ ሴሚያሱ ይንገዳገዳል። ፓራኦሊዮ ክብ ሆኖ የሚዞር ዘንግ እንጂ የሚጨፍር ዘንግ መያዝ አይችልም። ኩሽኔታውን ትቶ ፓራኦሊዮውን ብቻ መቀየር ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ሦስተኛው፣ ዘይት ከልክ በላይ መሙላት። አራተኛው፣ የፓራኦሊዮው ከንፈር የሚያርፍበት ብረት ላይ ቦይ መፈጠሩ ነው። ጥፍራችሁን በብረቱ ላይ ስትጎትቱ ከያዘ ቦይ አለ ማለት ነው።

እስከ ደመወዝ ልንዳው?

አትንዱት። ፈርጠም ብዬ የምናገርበት ምክንያት አለኝ።

በዚህ ዓይነት አክስል ላይ ጎማውን መኪናው ላይ የያዘው ኩሽኔታውና ከጀርባው የተጠቀጠቀው ማገቻ ቀለበት ነው። ሌላ ጠንካራ መያዣ የለውም። ኩሽኔታው ከተበተነ ወይም ቀለበቱ ከተንሸራተተ ሴሚያሱ ከነጎማው፣ ከነታምቡሩ ተመዝዞ ይወጣል። መንገድ ዳር ሦስት ጎማ ይዞ የቆመ ፒክአፕ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል።

የፈሰሰው ዘይት ደግሞ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ፍሬን ሸራ ነው። በአንዱ ጎን ያለው ሸራ ዘይት ሲጠጣ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ ሌላው ጎን ይስባል። ከተማ ውስጥ ላይታወቃችሁ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ግን ይታወቃችኋል፤ ያኔ ደግሞ መማሪያ ቦታ አይደለም።

እውነት እቤት ይሠራል?

ግማሹ ይሠራል። መፍታቱ፣ ማጽዳቱ፣ ፓራኦሊዮውን መቀየሩ፣ መልሶ መግጠሙ ግቢ ውስጥ ያልቃል። ኩሽኔታውን ከሴሚያሱ ላይ ማውጣትና አዲሱን መጠቅጠቅ ግን የፕሬስ፣ ማለትም በከባድ ኃይል የሚጫን ማሽን፣ ሥራ ነው። ሴሚያሱን ተሸክማችሁ ፕሬስ ወዳለው ቶርኖ ቤት ሂዱ። በመዶሻ እንጨርሰዋለን የሚሉ አሉ። ተዋቸው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ጥሩ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ከ10 እስከ 24 ቁልፎች ከነቡሽላቸው፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)፣ የዘይት መቀበያ ሳፋ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይና ብዙ ጨርቅ። ለፍሬን ቱቦው ከብዙ ጎን የሚይዝ ባለ ክፍት አፍ ቁልፍ ብታገኙ ይሻላል፤ ተራው ቁልፍ ዳዶዋን ያከባታል።

መደገፊያውን በብሎኬት አትተኩ። ብሎኬት ሳይናገር ነው የሚፈርሰው። ድንጋይም ያንሸራትታል። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ የቆመ መኪና ሥር ደግሞ ቡሎን እንኳ ቢወድቅባችሁ ለማንሳት አትግቡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለአንዱ ጎን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያዙ። ሁለተኛው ጎን በግማሽ ቀን ያልቃል።

የትኞቹን ዕቃዎች ልግዛ?

ለአንድ ጎን፦ ኩሽኔታ፣ የውስጥ ፓራኦሊዮ፣ የውጭ ፓራኦሊዮ፣ ማገቻ ቀለበት፣ ስናፕ ሪንግ (ቦይ ውስጥ የሚገባ ክፍት የብረት ቀለበት)፣ እንደ ሞዴሉ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) ወይም ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ)። የውስጡ ፓራኦሊዮ የዲፈረንሻሉን ዘይት ያግታል። የውጭው ደግሞ ውሃና አቧራ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰስተው በማገቻ ቀለበቱ ነው። «ብረት ነው፣ ምን ይሆናል?» ይላል። በዚህ አክስል ላይ የውስጡ ፓራኦሊዮ ከንፈር የሚያርፈው እዚህ ቀለበት ላይ ነው። ቦይ የሚፈጠረውም እሱ ላይ ነው። አንዴ ተጠቅጥቆ የወጣ ቀለበት ደግሞ ሲመለስ እንደ መጀመሪያው አይጨብጥም። ጎማችሁን የሚይዘው እሱ እንደሆነ ከላይ ተነጋግረናል። አዲስ ግዙ።

መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። ከተቻለ አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን፣ ናቺ የታወቁ የጃፓን ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ኤንኦኬ ደግሞ በፓራኦሊዮ ይታወቃል። የታወቀ ስም ደግሞ በኮፒ ይጠቃል። ካርቶኑን አትመኑ፣ ዕቃውን እዩ። ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የተንሻፈፈ ከሆነ፣ ስታዞሩት ከተንኮሻኮሸ፣ ዋጋው ደግሞ ከጎረቤት ሱቅ በግማሽ ካነሰ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። ያገለገለ ኩሽኔታ በፍጹም አትግዙ። ያገለገለ በር ይገዛል፣ ያገለገለ ፍሬቻ ይገዛል። ኩሽኔታ ግን ሲወጣ ራሱ ይጎዳል።

አፈታቱ በምን ቅደም ተከተል ነው?

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ደግፉ። የኋላ ጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ እያለ አላሉ፣ ከዚያ አንሱ፣ መደገፊያውን አክስሉ ሥር አድርጉ፣ ጎማውን አውጡ። የእጅ ፍሬን ይለቀቅ።

ታምቡሩ አልወጣ ካለ ፊቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገብታችሁ በየተራ አጥብቁ። ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ውስጡ ያለውን አቧራ በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አትንፉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በስፕሬይ አርጥባችሁ ጥረጉት።

አሁን ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ስፕሪንጎቹን፣ የእጅ ፍሬን ገመዱን፣ ሁሉንም።

ሴሚያሱ የሚወጣው ከነፍሬን ሳህኑ ነው። ስለዚህ የፍሬን ቱቦውና የእጅ ፍሬን ገመዱ መፈታት አለባቸው። ኤቢኤስ ካለው ሴንሰሩም። ቱቦውን ከመፍታታችሁ በፊት አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ። የፍሬን ፔዳሉን ትንሽ ረግጣችሁ በፔዳሉና በወንበሩ መካከል እንጨት ደግፉበት። እንዲህ ሲሆን ከላይ ካለው ማጠራቀሚያ የፍሬን ዘይት አይወርድም። ያለዚያ እናንተ ምሳ በልታችሁ እስክትመለሱ ማጠራቀሚያው ባዶ፣ መሬቱ ርጥብ ነው።

ከሳህኑ ጀርባ አራት ዳዶዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ 14 ቁልፍ ነው። እነሱን ስትፈቱ ሴሚያሱ ነፃ ነው። ሳፋውን ሥር አድርጉ፤ ትንሽ ዘይት ይከተለዋል።

አራቱንም ዳዶ ፈታሁ፣ ሴሚያሱ ግን አልነቃነቅ አለ።

ዝገት ይዞት ነው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩበትና ቡና ጠጡ። ቡናው ቀልድ አይደለም፤ ዘይቱ ለመስረግ ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚያ ታምቡሩን ገልብጣችሁ፣ ማለትም ሆዱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ በጎማ ቡሎኖቹ ላይ አንጠልጥሉት። ሁለት ሦስት ዳዶ ጫፍ ላይ ብቻ ያዙለት፣ በጣም ላላ ብሎ። አሁን ታምቡሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ መንጭቁት። ከዳዶዎቹ ጋር ሲጋጭ እንደ መዶሻ ያገለግላል። ከአምስት ከስድስት ምት በኋላ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ጣታችሁን ከታምቡሩና ከዳዶው መካከል አርቁ።

ሲወጣ ሴሚያሱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ቢያግዛችሁ ይሻላል።

ፕሬስ ቤት ምን ብዬ ልንገራቸው?

አብራችሁ ቁሙ። ሠራተኛው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ መኪናችሁን ግን እናንተ ናችሁ የምትነዱት።

ስናፕ ሪንጉ መጀመሪያ ይወጣል። ማገቻ ቀለበቱ አልንቀሳቀስ ካለ በግራይንደር አንድ ጎኑን ስስ እስኪሆን ሞርደው በመሮ አንድ ጊዜ ሲመቱት ይሰነጠቃል። ግራይንደሩ ሴሚያሱን መንካት የለበትም። እዚያ ላይ የተጫረ ጭረት ነገ የዘይት መንገድ ወይም የስብራት መነሻ ነው።

አዲሱ ኩሽኔታ ሲገባ የሚገፋው በውስጠኛው ቀለበቱ ብቻ ነው። በውጭኛው ቀለበት ከተገፋ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ ኳሶቹ ቦዩን ይወጉታል። ያኔ አዲስ ኩሽኔታ ከሳጥኑ ወጥቶ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ አርጅቷል። በእሳት መለብለብም አያስፈልግም።

ትልቁ ስህተት ግን የቅደም ተከተል ነው። ኩሽኔታው ከመጠቅጠቁ በፊት ሴሚያሱ ላይ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ የውጭው ፓራኦሊዮ ከነቤቱ፣ የፍሬን ሳህኑ፣ ጓርኒሲዮኑ። ከዚያ ኩሽኔታው፣ ማገቻ ቀለበቱ፣ ኤቢኤስ ካለው ጥርሳማው ቀለበት፣ መጨረሻ ስናፕ ሪንጉ። ኩሽኔታው ገብቶ፣ ቀለበቱ ገብቶ፣ ሂሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል የፍሬን ሳህኑን ቤንች ላይ ያየሁት እኔ ነኝ። ለመመለስ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ አዲሱን ኩሽኔታና አዲሱን ቀለበት መስበር። ሲፈታ የነበረውን ተራ በሽቦ እንደ መቁጠሪያ ሰክታችሁ ብትወስዱ ይህ አይደርስባችሁም።

የውስጡን ፓራኦሊዮ እንዴት ላውጣ፣ እንዴት ላስገባ?

ከማውጣታችሁ በፊት ከአክስሉ አፍ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደተቀመጠ በካሊፐር ለኩና ጻፉት። አዲሱ እዚያው ይገባል። ጠለቅ ወይም ወጣ ካለ ከንፈሩ የቀለበቱን ትክክለኛ ቦታ ላያገኝ ይችላል።

በትልቅ ካቻቢቴ ወይም በመንጠቆ ፈልቅቃችሁ አውጡ። የሚቀመጥበትን ብረት አትጫሩት። ቦታውን በጨርቅ አጽዱ፣ የጎማ ስብርባሪም አሸዋም እንዳይቀር።

አዲሱ ሲገባ ቀጭኗ ስፕሪንግ ያለችበት ፊት ዘይቱን ማየት አለበት፤ ማለትም ወደ ዲፈረንሻሉ። ከንፈሩን ግሪስ ቀቡት። ደረቅ ከንፈር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይቃጠላል። ልክ የሚሆን ትልቅ ቡሽላ ወይም የቧንቧ ቁራጭ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡ። ጠርዝ ላይ በመዶሻ መቀጥቀጥ ያጣምመዋል።

ሴሚያሱን ስትመልሱ ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ፓራኦሊዮውን እንዳይቧጥጡት ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የብዙ ሰው ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህች ሁለት ሰከንድ ላይ ነው። ሴሚያሱ ሲደርስ ትንሽ አዙሩት፣ ጥርሱ ከዲፈረንሻሉ ጋር ሲገናኝ ራሱ ይገባል። አራቱን ዳዶዎች በመስቀል ቅርጽ አጥብቁ፣ መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ። ልኩ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የመኪናችሁን ማኑዋል እዩ።

ሸራው ዘይት ጠጥቷል። በቤንዚን ባጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ብፍቀው አይሆንም?

አይሆንም። ሸራ እንደ ስፖንጅ ነው። ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ የቀረው ዘይት ፍሬኑ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ቀይሩት፤ በሁለቱም ጎን። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ይስባል። ታምቡሩ ብረት ስለሆነ በፍሬን ማጽጃ ይነጻል።

ፍሬኑን ማስተንፈስ ግድ ነው?

ቱቦ ስለተፈታ አየር ገብቷል፤ ማስወጣት ግድ ነው። አንድ ሰው ፔዳል ላይ፣ አንድ ሰው ጎማው ጋ። «ርገጥ፣ ያዝ» ስትሉ ይረግጣል፤ እናንተ ከፍሬን ሳህኑ ጀርባ ያለችውን ትንሿን የማስተንፈሻ ቡሎን ትከፍታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ ይለቃል። አረፋ እስኪጠፋ። በመካከሉ ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ እየሞላችሁ። ወንድሜን ፔዳል ላይ አስቀምጬ «ልቀቅ» ሳልል እየለቀቀ ግማሽ ቀን ፈጅተናል፤ ቃሉን አስቀድማችሁ ተስማሙበት።

ዲፈረንሻሉ ውስጥ የትኛውን ዘይት፣ ምን ያህል ልጨምር?

ጂኤል-5 የሚል፣ 80ደብሊው-90 ለዚህ ዓይነት አክስል የተለመደ ነው። የሞተር ዘይት አይገባም።

የድሮውን ልታወጡ ከሆነ መጀመሪያ የመሙያውን ታፖ (መክደኛ ቡሎን) ፍቱ። የመሙያው አልፈታ ብሎ የታቹን ቀድሞ ያፈሰሰ ሰው መኪናው ግቢ ውስጥ ይቀራል። የወጣው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ ይህን እዩ። የሞቀ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ ውስጥ ይስባል።

ልኩ ቀላል ነው። መኪናው ደልዳላ ላይ ሆኖ ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ ሲደርስና መንጠባጠብ ሲጀምር በቃ። አንድ ጎን ብቻ ተነሥቶ እያለ አትሙሉ።

አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉ። በጀሪካን ይዛችሁ ዘይት የሚቀይር ጋራዥ ብትሰጡ ከነሱ ጋር ይወገዳል።

አንዱ ጎን ብቻ ነው የተበላሸው። ሁለቱንም ልቀይር?

እኔ ፓራኦሊዮውን በሁለቱም ጎን እቀይራለሁ፣ ኩሽኔታውን ግን የሚጮኸውን ብቻ። ሁለቱም ኩሽኔታዎች ከፋብሪካ የመጡትና እኩል ያረጁት ከሆኑ ግን፣ ገንዘቡ ካለ፣ አንዴ ተበክሎ በዘይት የጠቆረ እጅ ሁለተኛውንም ቢጨርስ ይሻላል።

የኔ ሃይሉክስ አይደለም።

ቪትዝና የፊት ጎማ የሚነዳ ኮሮላ ከኋላ ሴሚያስም የዲፈረንሻል ዘይትም የላቸውም። ብዙዎቹ ላይ ኩሽኔታው ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት ማዕከል) ጋር አንድ ሆኖ በአራት ቡሎን የሚታሰር ዕቃ ነው። ፕሬስ አይፈልግም፤ እድለኞች ናችሁ።

ትልልቆቹ ላንድክሩዘሮች፣ 70 ሲሪስ የሚባሉት፣ እና አይሱዙ የጭነት መኪናዎች ሌላ ናቸው። ሴሚያሱ ጎማውን ያዞራል እንጂ አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከሙት ሞዞው ውስጥ ያሉ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ናቸው። እነሱ በግሪስ ይሞላሉ፣ በትልቅ ዳዶም ልካቸው ይስተካከላል። ከጠበቁ ይቃጠላሉ፣ ከላሉ ጎማው ይዋልላል። ማስተካከሉን ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ሥሩት።

አሜሪካ ሆናችሁ የሸቭሮሌ ወይም የፎርድ ፒክአፕ ያላችሁ፣ ብዙዎቹ ላይ ሴሚያሱን የያዘው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለ የሲ ቅርጽ ቁራጭ ነው። የዲፈረንሻሉ ክዳን ሳይከፈት አይወጣም። አራት ዳዶ ፍለጋ አትድከሙ። ታኮማ ወይም ፎርራነር ያላችሁ ግን ከላይ ያለው አብዛኛው ይመለከታችኋል። የምትኖሩበት አፓርታማ መኪና ማቆሚያ ላይ ጥገና እንደሚፈቀድ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገጠምኩት። አሁን ምን ላረጋግጥ?

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላችሁ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። ቁሙና እጃችሁን ወደ ሁለቱ ታምቡሮች አስጠጉ፤ አትንኩ፣ አስጠጉ ብቻ። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ሸራው ጠብቋል ወይም የእጅ ፍሬን ገመዱ ተወጥሯል። የጎማ ዳዶዎችን እንደገና አጥብቁ።

ድምፁ አሁንም ካለ ኩሽኔታው ነው ብላችሁ እንደገና አትፍቱ። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱና ጎማውንና ዲፈረንሻሉን ፈትሹ።

ከሳምንት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ከጎማው ጀርባ እዩ። ትንሽ ርጥበት ብታዩ አትደንግጡ፤ ስትገጥሙ የቀባችሁት ግሪስ ሊሆን ይችላል። ጥረጉት፣ ሁለት ቀን ንዱና እንደገና እዩ። ያ የድኝ ሽታ ካለው ግን «ለምን እንደገና ፈሰሰ?» በሚለው ሥር የጻፍኳቸውን ምክንያቶች ከላይ ጀምራችሁ ፈትሹ፤ መጀመሪያ መተንፈሻዋን።